የአባታችን ገድል

ለምወድህ ወንድሜ፣

ከባሕር ማዶ ላለኸው ሰላምታዬ ይድረስህ። ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ባለፈው ክረምት ያስቸገረህ ሳል ለቀቀህ ወይ? ባለቤትህስ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትልቁ አሁን ቁመቱ አንተን ሳይደርስ አይቀርም። እኔ በሥጋዬ ደህና ነኝ። ብርድ ሲሆን ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ሌላ የሚነገር በሽታ የለብኝም። የቀረውን ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ፤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

በፊተኛው ደብዳቤዬ «ደስ የሚልህን ነገር በቅርቡ ትሰማለህ» ብዬህ ነበር። እንዲህ ብዬ ጠፍቼብህ ሳትቀየመኝ አልቀረህም። የጠፋሁት ምን ብዬ እንደምጽፍልህ ቸግሮኝ ነው። ዛሬም አልቀለለኝም። ነገር ግን መጽሐፉ እናንተም አገር መድረሱ አይቀርም፤ ከባዕድ አፍ ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል።

ሜኔክሌስን አንተ አታውቀውም። የመጀመሪያው ባሌ ከሞተ በኋላ አባታችን ለእሱ ሲድረኝ አንተ ከአገር ከወጣህ ቆይተህ ነበር። እስካሁን በጻፍኩልህ ደብዳቤ ሁሉ አመሰገንኩት እንጂ አላማሁትም፤ ዛሬም ክፉ ሰው ነው አልልህም። አብረን ስንኖር ድምፁን ከፍ አድርጎ አልሰማሁትም። አገልጋይ ሲታመም ሾርባውን ራሱ ይዞ ይገባል። ሥራው እንደምታውቀው የሮምን ታላላቅ ሰዎች ሕይወት እየጻፈ ማን በደህና ገዛ፣ ማን በክፉ ገዛ ብሎ መፍረድ ነው። ይህች ትንሽ ከተማችን የምትታወቀው በወይራዋና በእሱ ነው። ከሮም ሳይቀር ሰዎች እየላኩ መጽሐፉን ያስገለብጣሉ።

ሲፈርድ መስፈሪያው አንድ ነው። ለተማሪዎቹ «ሰውየው ስንት አገር ያዘ አትበሉኝ» ይላቸዋል። «ሲቆጣ ምን ያደርግ ነበር? ማዕድ ላይ እንዴት ነበር? እምቢ የሚለው ሰው ሲገጥመው ፊቱ ምን ይመስል ነበር? ራሱን ያልገዛ ሰው ሌላውን ይገዛል ብላችሁ አትድከሙ።»

አንድ ጊዜ የአንድ ጦር አዛዥ ሕይወት ጻፈ። በሄደበት ሁሉ ያሸነፈ፣ ሮም ሐውልት ያቆመችለት ሰው ነበር። ሜኔክሌስ ድሉን ሁሉ ሳይነፍገው ጻፈለት። መጨረሻ ላይ ሰውየው ወጥ ጨው በዛበት ብሎ ወጥ ሠሪውን በትኩስ ድስት ፊቱን እንደመታው አስገባና፣ «እንግዲህ ይህ ሰው ሠራዊት አዘዘ እንጂ አልመራም» ብሎ ዘጋው። የአዛዡ የልጅ ልጆች ይህን ሰምተው ከሮም ድረስ መጡ። ያችን ነገር ብቻ አውጣልን ብለው ለመኑት፣ አባበሉት፣ ቀጥሎም አስፈራሩት። እሱ ግን «አውጣት ሊለኝ የሚችለው ወጥ ሠሪው ነው፤ እሱን አምጡልኝ» ብሎ ሸኛቸው።

ያን ቀን በባሌ ኮራሁ። የአንድ ወጥ ሠሪ ፊት እንዲህ ከከበደው የወንድሜ ዕድሜ እንዴት አይከብደውም ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ የአባታችንን ሕይወት ልጀምር ነው ሲለኝ አጠገቡ ተቀምጬ ሁሉን ነገርኩት።

አንተ የኖርከውን ለአንተ መልሶ መንገር ሞኝነት ነው። ግን ምን ብዬ እንደተናገርኩልህ እንድታውቅ እፈልጋለሁ። እንዲህ አልኩት፦ «አባቴ ቆሮንቶስ ተቀምጦ ሲገዛ ዝናብ ቀረ። ሕዝቡ የከተማው ጎተራ እስኪከፈት ይጠብቅ ነበር። ሲከፈት ባዶ ሆኖ ተገኘ። እህሉ በመርከብ ተጭኖ ወደ ሮም ሄዶ ኖሯል። ማዘዣው ላይ ያለው የአባቴ ማኅተም ነው። ሕዝቡ ድንጋይ ይዞ ደጃፋችን ሲቆም አባቴ ወጣና ሌባው ከቤቴ ነው አለ። ተኝቼ ሳለ ልጄ የማኅተም ቀለበቴን ከጣቴ አውልቆ አተመበት አለ። በማግሥቱ ሸንጎ ተቀምጦ በገዛ ልጁ ፈረደ። ከግሪክም ከሮምም ምድር ውጣ አለው። ሕዝቡም ድንጋዩን ጥሎ አለቀሰ።»

ሜኔክሌስ ፈገግ አለ። «ይህን ለእኔ ትነግሪኛለሽ? እዚያው ቆሜ ነበር እኮ» አለኝ።

ነበረ። ከዚህ ከተማ አቤቱታ ይዘው ከሄዱት ሽማግሌዎች ጋር፣ ገና ጢሙ ያልበቀለ ጎረምሳ ሆኖ፣ አባታችን በአንተ ሲፈርድ አይቷል። ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ የሚያወጋት ወግ ይህች ናት። «አገር መምራት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። ብዕር ያነሳሁትም ለዚያ ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ስሰማው ወይን እቀዳለሁ፣ ወይም ተነሥቼ እወጣለሁ።

ያን ዕለት ግን አልተነሣሁም። «ለመሆኑ ቀለበቱን አይተኸዋል?» አልኩት። «ሲታመም ያስታመምከው አንተ ነህ። ገላውን ያጠብከው አንተ ነህ። ከጣቱ ይወልቅ ነበር?»

 አባታችን እኛ ሳንወለድ ከፈረስ ወድቆ የሰበረው ጣት እንደሆነ፣ አንጓው አብጦ እንደቀረ፣ ቀለበቱ ከሥጋው ጋር አንድ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። እናታችን ጣቱን ሲያመው በዘይት እያሸች ስንት ጊዜ ሞክራ አቅቷታል። ሲሞትም ሬሳው ከነቀለበቱ ነው የተቃጠለው። ይህን ነው እንግዲህ አንተ ተኝቶ ሳለ፣ ሳይነቃ፣ አውልቀህ መልሰህ አጠለቅህለት የተባልከው።

ከዚያ በኋላ እናታችን ልትሞት ስትል የነገረችኝን ጨመርኩለት። አባታችን አንተን ወደ አትክልቱ ቦታ ይዞህ እንደወረደ፣ «እኔ ከወደቅሁ እናትህም እህትህም አብረውኝ ይወድቃሉ፤ አንተ ከወደቅህ የምትወድቀው አንድ ሰው ነህ» እንዳለህ፣ አንተም «እሺ» እንዳልከው። ሌላ ቃል እንዳልተናገርክ ነግራኛለች። «እሺ ሲለው ከመስኮት አየሁት፤ ጎንበስ ብሎ ከአባቱ ጫማ ላይ አፈሩን አራገፈለት» ብላኝ ነው የሞተችው። ይህንንም አልደበቅሁትም።

ሜኔክሌስ ብዕሩን አስቀመጠ። የወይራ ለቀማው እስኪያልቅ ድረስ አንድ መስመር አልጻፈም። ጠዋት ይወጣል፣ በዛፎቹ መካከል ሲዞር ይውላል፣ ሲመለስ ምግብ ይነካካና ይተወዋል። አንድ ቀን ብቻ፣ አጥር ስናሳጥር፣ «ጣቱ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲያ የሆነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። እኔ በልቤ፣ ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ካመነው ነገር ጋር እየተጣላ ነው፤ ደግሞ ያሸንፋል አልኩ።

ለቀማው ሲያልቅ ተመልሶ ተቀመጠና ጻፈ። «ጨረስኩ» አለኝ። «ወንድሜንስ ምን አልከው?» ስለው፣ «የሚገባውን ጽፌዋለሁ» አለኝ። እጄንም ሳመኝ። አመንኩት። ላንተ ያንን የምሥራች የጻፍኩት በዚያ ሰሞን ነው።

የቆሮንቶስ አዲሱ አገረ ገዢ መጽሐፍ ወዳድ ነው፣ ስደተኛ መመለስ ይችላል ሲሉኝ ለሜኔክሌስ ሳልነግረው በበቅሎ ሄድኩ። ስምህን ሰምቶ እንዲደነግጥ ሳይሆን መጽሐፉን አንብቦ እንዲጠብቀኝ ነበር ተስፋዬ። ሰውየው ገና ስገባ ተነሥቶ ተቀበለኝ፤ ትራስ አስመጣልኝ፤ ማር የገባበት ወይን አስቀዳልኝ።

«እመቤቴ፣ አባትዎን በዓይኔ አላየኋቸውም፤ ግን አውቃቸዋለሁ» አለኝ። «ባለቤትዎ መጽሐፉን ልከውልኝ ነበር።» ከዚያም ጥቅልሉን አንሥቶ፣ ቦታውን ሳይፈልግ፣ እንዲህ ብሎ አነበበልኝ፦ «ጠላቱን የቀጣ ገዢ ብዙ ነው፤ አቲንዮስ ግን የሚወደውን ቀጣ። ስስት ያሳወረውን ልጁን በሕዝብ ፊት አቁሞ ሲፈርድበት እንባው እንዲታይ አልፈቀደም። ራሱን ከመግዛት የሚበልጥ አገዛዝ ካለ እኔ አላየሁም።»

ወንድሜ ሆይ፣ ስምህ እንኳ የለም። «ስስት ያሳወረው ልጁ» ነህ።

አቤቱታዬን እንዴት እንደተናገርኩ አላስታውስም፤ ግን ተናግሬያለሁ። አገረ ገዢው አላቋረጠኝም፣ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ በጣም በለዘበ ድምፅ፣ «ወንድምዎን መመለስ በእጄ ነው፤ አልዋሽዎትም» አለኝ። «ግን ሁለቱ ልጆቼ ይህችን ቦታ በቃላቸው ይወጧታል። ሕግ ማለት ምንድን ነው ሲሉኝ የማሳያቸው ይህችን ነው። ዛሬ እኔ ያንን ልጅ ና ተመለስ ብለው፣ አባትዎን ከመቃብር አውጥቶ በጥፊ መምታት ይሆንብኛል። እርስዎ ራስዎ ልጃቸው አይደሉም እንዴ?» ስወጣ አንድ ቅርጫት በለስ አስያዘኝ። መንገድ ላይ ለበቅሎ ነጂው ሰጠሁት።

ስመለስ ሜኔክሌስ ከተማሪዎቹ ጋር ነበር። እስኪሄዱ ጠበቅሁና «ወጥ ሠሪውስ?» አልኩት።

«የምን ወጥ ሠሪ?»

«ፊቱን በድስት የተመታው። የቆምክለት። ለወንድሜ ያልቆምከው እሱ ወጥ ስለማይሠራ ነው?»

ያኔ ከየት እንደመጣሁ ገባው። ተቀመጠ። «ያ አዛዥ የሐሰት ታላቅ ነበር፤ መፍረስ ነበረበት» አለኝ።

«አባቴስ የእውነት ነው?»

«አባትሽ አላደረገው ይሆናል። ድርጊቱ ግን ትክክል ነው። የዛሬዎቹን ገዢዎች አታያቸውም? ልጆቻቸውን በየከተማው ለቀው ሕዝቡን ያስግጣሉ። ከመካከላቸው አንዱ እንኳ ይህን አንብቦ ቢያፍር ለስንት ቤት ይተርፋል። ወንድምሽ አንድ ሰው ነው።»

አባታችንም በአትክልቱ ቦታ ያለህ ይህንኑ ነበር። ይህን ስለው ፊቱ አመድ መሰለ፤ ግን አላፈገፈገም። «እሺ፣ እኔ ያን ቀን ቆሮንቶስ ላይ ያለቀስኩት ለማን ነው?» አለኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ መስፈሪያ ስፈርድ ኖሬ፣ መስፈሪያውን የሰጠኝ ሰው ሌባ ነበር ብዬ ልሙት?»  አዘንኩለት። ማዘኔ ደግሞ ይብስ አናደደኝ።

በፀደዩ በዓል መጽሐፉ በግቢያችን በሕዝብ ፊት ተነበበ። የከተማው ሽማግሌዎች ሁሉ ነበሩ። ያን የረሃብ ዘመን ያዩ ሰዎች የክብር እንግዳ ሆነው ከፊት ተቀመጡ። ከእነሱ አንዷ ሚርቶ የምትባል አሮጊት ናት፤ ያኔ ቆሮንቶስ ዳቦ ትሸጥ የነበረች፣ አሁን እዚህ ከእህቷ ልጅ ጋር የምትኖር። ሁለት ልጆቿን በዚያ ረሃብ ቀብራለች። ቦታ ላስይዛት ስደግፋት እጄን ይዛ ሳመችው። «የአባትሽ እጅ ነው» አለችኝ። «የእኔን ልጆች ደም በገዛ ልጁ ያወራረደ ሰው። ያ ልጅ የትም ይሁን የት፣ የጎረሰው አይርጋለት።»

እጄን አልነጠቅኋትም። ሄጄ ቦታዬ ተቀመጥኩ። ሜኔክሌስ ራሱ ነበር የሚያነበው፤ ሲያነብ የምታምር ድምፅ አለችው። ያችን ቦታ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን ጠረጉ። ያኔ ተነሣሁ።

ብዙ አልተናገርኩም። ወንድሜ እህሉን አልሸጠም፤ ያተመው አባቴ ነው፤ ቀለበቱ ከአባቴ ጣት ወልቆ አያውቅም፤ ይህን ባሌ ያውቃል አልኩ።  አንዱ ሽማግሌ ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ «ምስኪን፣ የወንድም ነገር አይለቅም» ሲል ሰማሁት። ሌላው አገልጋይ ጠርቶ ውኃ አምጡላት አለ። ሜኔክሌስ ጥቅልሉን እንደያዘ ቆመ፤ አላስተባበለኝም፣ አላመነልኝምም። ዝምታው በቂያቸው ነበር።

የመለሰችልኝ ሚርቶ ብቻ ናት። ምርኩዟን ተደግፋ እየተንቀጠቀጠች ወደ እኔ መጣችና፣ ማንም እንዳይሰማ በቀስታ፣ «ልጄ፣ ይህን አትውሰጂብኝ» አለችኝ። «እውነት ይሁን ውሸት አልጠየቅሁሽም። አንድ ትልቅ ሰው ለእኔ ልጆች ብሎ የራሱን ልጅ ሰጠ ብዬ ነው እስከ ዛሬ የተነሣሁትም የተኛሁትም። ያ ከሌለ ልጆቼ በከንቱ ነው የሞቱት። ተይልኝ።»

ምን እላታለሁ? ተውኩላት። ደግፌ ወደ ቦታዋ መለስኳት። ሜኔክሌስም ካቆመበት ቀጠለ።

ከበዓሉ በኋላ ለብዙ ቀናት ሳንነጋገር ቆየን። አንድ ጠዋት ሱፍ ሳፍታታ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። ፊቱ እንደ ድሮው ለስልሶ ነበር። «ለሮም የሚሄደውን ቅጂ አስተካክዬዋለሁ። አንቺንም አስገብቼሻለሁ» አለኝ። ልቤ አንድ ጊዜ ዘለለ፤ አልክድህም። ከዚያ አነበበልኝ፦ «የዚያ ፍርድ ዋጋ ለቤቱ ቀላል አልነበረም። የአቲንዮስ ልጅ ካረጀች በኋላ እንኳ ስለ ወንድሟ በሰው ፊት አልቅሳለች። ሕጉ ግን በእንባዋ አልተናወጠም።»

አንብቦ ሲያበቃ ዓይን ዓይኔን አየኝ። እንደ ስጦታ ነበር የሰጠኝ። «ቢያንስ የሚያለቅስለት ሰው እንዳለው ይታወቅለታል» አለኝ።

ወንድሜ፣ አባታችን ከእኔ አንተን ወሰደ። ይኸኛው ደግሞ ጩኸቴን ወስዶ የአባታችን ዘውድ ላይ ጌጥ አድርጎ ሰካው። እንዲህ ያለውን ሌባ ምን ብለው ይከሱታል? በየትኛው ሸንጎ?

ሱፉን አስቀምጬ ገባሁና ልብሴን ማጣጠፍ ጀመርኩ። በር ላይ ቆሞ ወዴት እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ለጉልበቴ የባሕር አየር ይሻላል ብሎኛል ሐኪሙ አልኩት። «የክረምቱን ካባ ለምን ትይዣለሽ?» አለኝ። አልመለስኩለትም፤ እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም። የሰው ልጅ ልብ ከትንሽ ነገር ይታወቃል እያለ የሚያስተምር ሰው ነው። እስከ ዋናው መንገድ ድረስ የበቅሎዋን ልጓም ራሱ ይዞ ሸኘኝ። «ፀሐይ ሲበረታ አረፍ በይ» ብሎኝ ተመለሰ። ሲሄድ ከኋላው አየሁት፤ ትከሻው እንዴት እንደጎበጠ እስከዚያ ቀን ልብ አላልኩትም ነበር።

ይህን የምጽፍልህ ከክንክራኦስ ወደብ ነው። ማረፊያዬ የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ነው፤ ደህና ሰው ናት፣ ብዙ አትጠይቅም። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ዘይት የጫነ መርከብ ስለሆነ ለሰው ቦታ የለውም አሉኝ። ሰው የሚጭነው ነፋሱ ሲመለስ ይነሣል።

ባለቤትህን አንድ ነገር አደራ በልልኝ። ለእኔ ብላ እንዳትጨነቅ። እህል ካልኳችሁ የገብስ ዳቦና ወይራ ይበቃኛል፤ ሱፍ መፍተል፣ ልጅ መያዝ እችላለሁ። ደረጃ መውጣት ብቻ ነው የማልችለው።

ልጆችህ ስላለፈው ምን እንደሚያውቁ አልጠይቅህም። አንተን የሚያውቁህ እዚያ በያዝከው ስም ነው፤ እኔም በደብዳቤው ጀርባ የጻፍኩት እሱን ነው። መምህራቸው አንድ ቀን ያን መጽሐፍ ያስነብባቸው ይሆናል። ያኔ ዝም በል አልልህም፤ ተናገርም አልልህም። ሁለቱንም እኔ ሞክሬያቸዋለሁ። ስለ እኔ የማን ልጅ ናት ብለው ከጠየቁህ ግን የአቲንዮስን ስም አታንሣላቸው። እሱ አሁን የመጽሐፍ ሰው ሆኗል፤ ልጅ አያስፈልገውም።

እንግዲህ ጤና ሁን። አማልክት ደጅህን ከረሃብና ከታላላቅ ሰዎች ይጠብቁልህ። ልጆችህን በጉያህ ያሳድጉልህ፤ ለማንም ምሳሌ ከመሆን ይሰውሯቸው። ለእኔም የረጋ ባሕር ለምንልኝ።

የእናትህ ልጅ